ውኃውን የዘጋው ወንበዴ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና እኔም ከሥሩ ልጀምር። ልጆች ሆነን ሰበታ፣ እኛ ሰፈር፣ ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የባለሱቁ ቤት። ሱቁ ከፊት፣ ሳሎኑ ከኋላ። ባለሱቁና ሚስቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዲሹን ያስተከሉት የመካውን ሶላት ለማየት ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሳሎኑ የልጆች ነው። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተራችንን እንደያዝን ወደዚያ እንሮጣለን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን፣ ከዚያ የዓረብኛ ካርቱን ነው። አትንጫጩ እንጂ አትምጡ ያለን ሰው የለም። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመካከላችን ዓረብኛ የሚችል ሰው አልነበረም።

በጣም የምንወደውን ካርቱን እውነተኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እኛ «ባለበቅሎዋ» ነበር የምንለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተራራ ላይ ያለ አንድ መንደር ምንጩ ይደርቅበታል። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ልጅ በቅሎዋን ይዛ ውኃውን ማን እንደዘጋው ልታጣራ ትነሳለች። ጥቁር ካባ የለበሰ ፈረሰኛ በሄደችበት ሁሉ ከኋላዋ አይጠፋም። ድልድይ የሚጠብቅ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌም አለ፤ ባለፈች ቁጥር ዳቦ ይሰጣታል፣ ራሷን ይዳብሳታል፣ የሆነ ነገር ይጠይቃታል። ይህንን ስናይ ክረምትና በጋ ተፈራረቀብን።

የሰፈራችን ልጆች ስለ ፊልም የማያወላዳ ሕግ ነበራቸው። ማንኛውም ፊልም አክተር አለው፣ ወንበዴ አለው። አክተር ጥሩው ሰው ነው፤ ምን ቢመጣ አይሞትም። ወንበዴ ክፉው ነው፤ ዋናው ወንበዴ ደግሞ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። የባለበቅሎዋ አክተር ልጅቷ መሆኗን ማንም አልተጠራጠረም። ዋናው ወንበዴ ማን ነው የሚለው ግን ምንጣፉን ለሁለት ከፈለው። ወንድሜ «ፈረሰኛው ነዋ! ልብሱን አታዪም እንዴ?» ይላል። እኔ ሽማግሌው ነው ባይ ነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ ሰውዬው ሁልጊዜ «ወዴት ነሽ? መቼ ትመለሻለሽ?» ይላታል። ደግ ሰው ዳቦውን ሰጥቶ ዝም ይላል እንጂ ምን እንዲህ ያስጠይቀዋል? ወንድሜ በዚህ ሲስቅብኝ እጁን ነክሼዋለሁ። አሁንም ቢስቅብኝ እነክሰዋለሁ።

ቋንቋውን ሳታውቂ «ወዴት ነሽ» እንዳላት በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። እቴቴ ናት የነገረችን። እቴቴ የምንላት ታላቅ እህታችንን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ተነስታ ዓረብኛ እችላለሁ አለች። «የት ተማርሽ?» ስትባል «ሰምቼ ሰምቼ ገባኝ» ትላለች፣ ወይ ፍንክች! ከዚያ በኋላ ምንጣፉ መሀል እየተቀመጠች ቴሌቪዥኑ በዓረብኛ ያለውን በአማርኛ ትገለብጥልን ጀመር። ሽማግሌው ሲናገር ድምጿን አጎርንና፣ በቅሎዋ ስትናገር አፍንጫዋን ይዛ። በቅሎዋ እኮ አትናገርም! የባለሱቁ ልጅ መድረሳ ትማር ስለነበር ፊደሉን ትለያለች፣ ቁርኣን ትቀራለች። ካደግን በኋላ «ለእኔም አይገባኝም ነበር፤ እህትሽም እንደማይገባት አውቄያለሁ። ግን የእሷ ወሬ ከቴሌቪዥኑ ይበልጥ ይጥመኝ ነበር» አለችኝ። ለካ እቴቴ ዓይኗን በጨው አጥባ ነው ስትዋሸን የኖረችው። ቢሆንም እንደ እሷ አድርጎ የዋሸኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

እቴቴ ራሷ ወንበዴው ማን እንደሆነ አትናገርም። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» ብላ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ብናስጨንቃት «በቅሎዋ ናት» አለችን። ወንድሜ አምኗት ሳምንቱን ሙሉ የሰፈሩን በቅሎ ሁሉ በክፉ ዓይን ሲያይ ሰነበተ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። መጨረሻው እንደሆነ ያወቅነው ልጅቷ ከተዘጋው ምንጭ ፊት ስለቆመች ነው። ከዓለቱ ጀርባ አንድ ሰው አለ፤ ጥላው ብቻ ይታያል። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፣ ሰውዬው ሊዞር ነው፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን... መብራት ጠፋ። «ውይ!» የሚለው ድምፅ ከሳሎኑ አልፎ መንገድ ድረስ ተሰማ። ባለሱቁ ሻማ ይዘው ሲገቡ ግማሾቻችን እያለቀስን ነበር። መብራቱ ሲመጣ ዜና ላይ ደረስን።

እቴቴ ግን ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና «እኔ ገብቶኛል፣ ነገ እነግራችኋለሁ» አለች። በማግስቱም ነገ አለች። በሚቀጥለውም ሳምንት ነገ አለች። ትነግረኛለች ብዬ የእሷን ተራ ዕቃ ያጠብኩትን፣ ከቦኖ ውኃ የቀዳሁትን ፈጣሪ ይቁጠረው! የማታውቀውን ከየት አምጥታ ትንገረኝ? እኔ ግን ታውቃለች ብዬ አምኛለሁ፤ ስለ እቴቴ የማላምነው ነገር አልነበረም።

ከዚያ አደግን። እቴቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣላትም። ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ ቤታችን መመላለስ ጀመረ። ጨዋ፣ ሳቂታ፣ እማዬን «እናቴ» የሚል፣ ያለ ሙዝ እጁን አንጠልጥሎ የማይመጣ ሰው። «መቼ ትሄዳለች? ፓስፖርቷ መቼ ያልቃል?» እያለ ሲጠይቅ ያ የድልድዩ ሽማግሌ ፊቴ ይደቀን ነበር። ለእማዬ ሽማግሌውን ይመስለኛል ብላት ምን ይገባታል? እሷ ካርቱን አይታ አታውቅ።

የምትሄድ ቀን ቤቱ ሁሉ ያለቅሳል። እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ የምለው ጠፋኝና «ወንበዴው ማን ነበር?» አልኳት። እንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ! እማዬ «ይቺ ልጅ ጤናም የላት» አለች። እቴቴ ግን ከለቅሶዋ መሀል ሳቀች። ጆሮዬን ይዛ «ቋንቋውን አጣርቼ ልማርና ስመለስ እነግርሻለሁ። ፊት ለፊት» አለችኝ። መኪናው ወደ ዓለም ገና አቅጣጫ ሲወጣ ቆሜ አየሁት።

ከሄደች ሁለት ይሁን ሦስት ዓመት ያህል በኋላ፣ አንድ አርብ ደወለችና ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ «አየሁት!» አለች።

«ምኑን?»

«ባለበቅሎዋን! እዚህ ለልጆቹ ደግመው ከፈቱላቸው። እስከ መጨረሻው አየሁት። ወይኔ እህቴ፣ ምን ስቀባጥርላችሁ ነበር! የነገርኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው። ያ መግቢያው ላይ ያለው ዘፈን ስለ በቅሎዋ አይደለም። መንደሩም የልጅቷ እናት አገር ነው ያልኳችሁ አይደለም...» ሳቋ ያቋርጣታል። እንዲያ ስትስቅ ከሄደች ወዲህ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ወንበዴውስ? ማን ነው?»

ያ የድሮ ድምፅዋ፣ ምንጣፉ ላይ የነበረው፣ «ስመጣ» አለኝ።

«በናትሽ!»

«ስመጣ ነው ያልኩሽ። በስልክ ከነገርኩሽ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ስልካችን ሁሉ በዚህ ነው የሚያልቀው። ስለ እማዬ ደም ግፊት እናወራለን፣ ስለ እመቤቷ ታማርራለች፣ ወንድሜን እናማለን፣ ልትዘጋ ስትል «ማን ነው?» እላታለሁ፤ «ስመጣ» ትለኛለች። ቻው አንባባልም፤ ቻው ማለት እሱ ነው። ሰው የልጅ ጨዋታ ይለው ይሆናል፣ ይበለው። እኔ ያቺን አንዲት ቃል ይዤ ነው የምኖረው። መልሱን እስካላወቅሁ ድረስ እህቴ ልትነግረኝ የቀራት ነገር አለ፤ የቀራት ነገር ያላት ሰው ደግሞ ትመጣለች። ስለዚህ ከሌላ ሰው ላለመስማት ማልኩ።

መሐላዬ ቀላል አልነበረም። ዓለም ገና መንገዱ ዳር ፀጉር ቤት አለኝ፤ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆች ሁሉ የሚያልፉት በእኔ እጅ ነው። አንዷ ፀጉሯን እየታጠበች ስለ ልጅነቷ ስታወራ «አንድ በቅሎ ያላት ልጅ ካርቱን ነበረ፣ እዚያ ሆኜ መጨረሻውን ሳየው ጉድ አልኩ! ለካስ ውኃውን የዘጋው...» ብላ ጀመረች። አረፋውን ከነጭራሹ ሳላጥብ ካስክ ውስጥ ከተትኳት። ማሽኑ ሲጮህ እሷም አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ። ስትወጣ «ራሴ ያሳክከኛል» አለች። ይቅርታ ብዬ ደግሜ አጠብኩላት፣ ግን ወሬውን ወደ ሠርግ ጎትቼ።

ወንድሜ ቡራዩ አግብቶ ገብቷል። ስልክ ይጠግናል፤ ስለዚህ በስልክ የሚያገኘው ነገር አይጠፋም። አንድ ግሩፕ አገኘ፤ በዚያ ዘመን ባለበቅሎዋን ያዩ የከተማ ዙሪያ ልጆች የተሰበሰቡበት። እኔንም አስገባኝ። ወይ ጉድ! ለካ በየከተማው አንዳንድ እቴቴ ነበረች። የሆለታው ልጅ ልጅቷ የምትፈልገው ውኃ ሳይሆን አባቷን ነው ይላል፤ የሰፈሩ ተርጓሚ እንደዚያ ነበራ ያላቸው። የተፍኪው፣ በቅሎዋ የተረገመች ንግሥት ናት ብሎ ድርቅ ይላል። አንዲት የሱሉልታ ልጅ ደግሞ ፈረሰኛው የልጅቷ ወንድም ነው፣ የሚከተላት ሊጠብቃት ነው ብላ ረጅም ማስረጃ ጻፈች፤ ፈረሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀደማትም፣ ዝናብ ሲጥል ካባውን ትቶላት ሄዷል አለች። ያነበብኩት ደጋግሜ ነው። ወንድሜ በዚህ ተናዶ አንድ ቀን ሙሉ ሲከራከራት ዋለ። ሽማግሌው ነው ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የተቀበለኝ አልነበረም። በጣም ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው፤ መጨረሻውን ያየ ማንም የለም። ያ መብራት ለካ የጠፋው በሁላችንም ላይ ነው!

በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ እሑድ ቡራዩ ምሳ ጠሩኝ። ሳህኑ ሳይቀርብ ወንድሜ ስልኩን ይዞ መጣ። ፊቱ ያበራል።

«አገኘሁት። መጨረሻውን። ከነትርጉሙ» አለኝ።

«እንዳትከፍተው!»

«አይቼዋለሁ እኮ። ልንገርሽ?»

«ምላስህን ነው የምቆርጠው!» አልኩት። ስልኩን ልነጥቀው ስዘል ሚስቱ ወጡን ይዛ መሀል ገባች፤ ለጥቂት በላያችን አልተደፋም። ሚስቱ የምንቀልድ መስሏት ትስቃለች። ወንድሜ ግን ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«አንቺ፣ ስሚኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ በዚህ አትመጣም። ለካርቱን ብሎ አገሩ የገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ስንት ጊዜ ኮንትራት አደሰች? ስንት ጊዜ ለፋሲካ፣ ለመስቀል አለች?»

«ቤቷ እየተሠራ አይደል? ቤቷ ሲያልቅ ትመጣለች።»

«ቤቱማ አልቋል» አለኝ።

የሚያናድደኝ ሰው ሲሳሳት አይደለም፤ ልክ ሲሆን ነው። ምሳውን ሳልቀምስ ተነሳሁ። ሚስቱ ባጃጁ ድረስ «ኧረ በማርያም!» እያለች ተከተለችኝ። እስከ ሰበታ ድረስ ታክሲው ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ናፈቀችኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ የሚያውቁት ሰው ግን እንዴት አድርጎ ነው የሚናፍቀው!

ቤቱ ሱሉልታ ነው። እቴቴ በላቧ ያሠራችው። መሬቱን ስንገዛላት በቪዲዮ አሳየናት፤ «ብርዱ ጥሩ ነው፣ እዚህ ሙቀቱ ገድሎኛል» አለች። መስኮቱ ወደ ተራራው ይሁን አለች፣ ሆነ። ኩሽናው ሰፊ ይሁን አለች፣ ሆነ። በወር አንዴ እየሄድኩ አናፍሰዋለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ማንም ያልረገጠውን ወለል እወለውላለሁ። የሚጠብቁልን አንድ አዛውንት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው። ከሩቅ ሲያዩኝ «አካም ጅርታ!» ብለው ይነሳሉ፤ እኔም በተሰበረ ኦሮምኛዬ ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ። ከዚያ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ነው፤ እህትሽ መቼ ትመጣለች? «ዲዮቲ» እላቸዋለሁ፣ በቅርቡ ማለቴ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ «እሰይ» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ጊዜ ስሄድ ግን አልጠየቁኝም። ቁልፉን ሰጥተውኝ ስለ ገብሱ አወሩኝ። እኔ ራሴ ነኝ «ኦቦ፣ እህቴ እኮ በቅርቡ ትመጣለች» ያልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ፤ ባይጠይቁኝ ይሻላል ብለው ኖሯል።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው እንግዲህ የደወለችው። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ወጥቶልኝ ብቻዬን ነበርኩ። ስለ እማዬ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ስለ ወንድማችን ጠየቀችኝ፣ አኩርፌዋለሁ አልኳት፣ አልሳቀችም። ድምጿ ቀዝቅዟል።

«የሱሉልታውን ቤት» አለች፣ «ሰው አስገቡበት። ባዶ ቤት ይበላሻል።»

«ምን ሰው? አንቺ ስትመጪ የት ልትገቢ ነው?»

«እሱን ተይው። እማዬ ትግባበት። ወይ አንቺ።» ደግሞ እንዲህ አለች፤ «እህቴ፣ ያንን ነገር ልንገርሽ?»

«የቱን?»

«ወንበዴውን።»

የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ስንት ዓመት ሲለምን የኖረውን ነገር እነሆ ሲሉት ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ስትመጣ ልትነግረኝ የያዘችውን አሁን በስልክ ከነገረችኝ፣ አትመጣም ማለት ነው። ለምን እንደማትመጣ አልጠየቅኋትም። ሰው አግኝታ ይሆናል፣ ቤት አድርጋ ይሆናል፣ ወይም ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ መምጣት ራሱ አስፈርቷት ይሆናል። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ መስማት አልፈለግኩም።

«ተይ፣ አትንገሪኝ» ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንቺ ነበርሽ ልክ» አለች። «ሽማግሌው ነው። ድልድይ ጠባቂው። ያኔ በዚያ ትንሽ ጭንቅላትሽ እንዴት እንዳወቅሽው እንጃልኝ። ሁላችንም ስንስቅብሽ ልክ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልክ ሆንኩ! ያንን ሁሉ ዘመን ወንድሜን የተጣላሁበት፣ የነከስኩበት፣ በግሩፑ ሁሉ ፊት ብቻዬን የቆምኩበት ነገር። ቡራዩ ደውዬ ልጨፍርበት የሚገባኝ ነገር። ስልኩን ግን ከጆሮዬ አራቅኩት። እውነት ይሁን፣ ወይስ እንደ ድሮው ደስ እንዲለኝ ብላ የገለበጠችው፣ እሱንም አላወቅኩም። ማወቁም አላማረኝ።

«ሃሎ?» አልኩ። «ሃሎ? ምን አልሽ? አይሰማም!»

«ሽማግሌው ነው አልኩሽ፣ ድልድይ—»

«እቴቴ፣ ይቆራረጣል! ምንም አልሰማሁም። ኔትወርኩ ነው። ምንም አልሰማሁም አልኩሽ!» እየጮህኩ ነበር፤ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ሰው ወጥቶ አየኝ። «ስትመጪ ትነግሪኛለሽ። ሰማሽ? ፊት ለፊት፣ ስትመጪ!»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ከእሷ ዘንድ የሆነ ሕፃን በዓረብኛ ሲጣራ ሰማሁ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«እሺ በቃ» አለች በመጨረሻ። «ስመጣ።»

እያለቀሰች እንደሆነ በደንብ ይሰማኝ ነበር።